የባትሪ ቤቱ አመድ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ሞቅ ብሎኝ እንኳ አምልጦኝ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ሞቅ ሲለኝ የጎረቤት ምሥጢር ሳይቀር የምዘረግፍ ሰው ነኝ። እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ለዛሬ የነፍስ አባቶቼ ሁኑልኝ። መስቀል መያዝ አያስፈልጋችሁም፣ ትዕግሥት ይበቃል፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ ወሬዬ ይረዝማል።

እንዳይረዝምባችሁ ኃጢአቴን ከፊት ላስቀምጠው። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ናዝሬት፣ ከባትሪ ቤቴ ጀርባ የተከመረውን አመድ ለጎመን ማሳ ሰጠሁ። አመዱ ውስጥ እርሳስ ነበረበት። እርሳስ መርዝ እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቄ ሰጠሁ። ሰባት ቤተሰብ ከዚያ ማሳ በላ። እኔ እያየሁ ዝም አልኩ።

ለምን ዛሬ ትናገራለህ ብትሉኝ፣ መሬቱ እንደገና ሊታረስ ስለሆነ ነው። ሦስት ክረምት ጎመን ከተተከለበት በኋላ ቀበሌው አዳራሽ ሠራበትና ሲሚንቶ ለበሰ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ዘንድሮ አዳራሹ አርጅቶ ፈረሰ። ባዶው ቦታ በከተማ ግብርና ለተደራጁ ሴቶች ተሰጠ። ከሴቶቹ አንዷ ልጄ እመቤት ናት። ዝናቡ እንደጀመረ ጎመንና ሰላጣ ሊተክሉ ዘሩን ገዝተው ሰማይ ሰማይ እያዩ ነው። ካልተናገርኩ ይተክላሉ፤ ከተከሉ ልጆቻቸው ይበላሉ።

እያለቀስኩ የምጽፍ ግን አይምሰላችሁ። ብዙ ሰው በደሉን ሲያስታውስ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ይህን ሳስታውስ ሳቄ ይመጣል፣ ከዚያ በሳቄ አፍራለሁ። የእኔ ኃጢአት ትዳር የሰጠኝ፣ ቤት ያቆመልኝ፣ አርባ ዓመት ያሳቀኝ ኃጢአት ነው። ሰው በበደሉ እንዲህ ይጠቀማል? እኔ ተጠቅሜያለሁ። የሚከብደኝም ይኸው ነው።

ስሜ ተፈራ ነው፤ ሰፈሩ ተፌ ባትሪ ይለኝ ነበር። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። አዲስ ባትሪ እንደልብ አይገኝም ነበርና የአሰብ መስመር ሹፌሮች የሞተ ባትሪያቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ ውስጡ የተደረደረውን እርሳስ አወጣለሁ፤ ከሥሩ የረጋውን ግራጫ አተላ ጠርጌ ከቤቱ ጀርባ እደፋለሁ፤ የተሰበረውን እርሳስ በከሰል አቅልጬ እንደገና እሠራዋለሁ። የከሰሉም አመድ እዚያው ይደፋል። የናዝሬት ፀሐይ ሁለት ቀን ከመታው አተላውና አመዱ አንድ ይሆናል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ እኔ ራሴ አልለየውም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሰው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እርሳቸው ደግሞ ከጥልያን የተማሩ ነበሩ። ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው ፍየል ወደ አመዱ እንዳይጠጋ፤ ሁለተኛው በየቀኑ ወተት መጠጣት። «እርሳስ ሆድህ ገብቶ ጎጆ ይቀልሳል፤ የሚያፈርሰው ወተት ነው» ይሉኝ ነበር። ሐኪም የነገረን ነገር አይደለም፤ ከባለሙያ ወደ ተማሪ ሲወርድ የመጣ እምነት ነው። በባትሪና በቀለም የሚሠራ የማውቀው ሰው ሁሉ ያምንበት ነበር። እኔም ከጸሎተ ሃይማኖት ቀጥሎ የማምነው ወተትን ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከፍየል የከለከልኩትን ነው ለሰው የሰጠሁት።

ቀበሌው በየባዶው ቦታ አትክልት ይተከል ብሎ ሲያዝ፣ ከባትሪ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ለሴቶች ማኅበር ደረሰ። የማሳው ኃላፊ ጫልቱ ነበረች። ጫልቱ የደራ ልጅ ናት። ባሏ ምሥራቅ ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር የሁለት ዓመት ልጇን እመቤትን ይዛ ናዝሬት አክስቷ ዘንድ ገባች። አማርኛውን ከኦሮምኛ ጋር እያፈራረቀች፣ ሴቶቹንም ካድሬውንም እያሳቀች ታሠራለች። ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ እጄ ላይ ያለው ባትሪ የማን እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎመኑን ተባይ ወረረው። ተባይ የያዘው ጎመን ላይ አመድ መበተን የአገሩ ሁሉ ዘዴ ነው። ጫልቱ ጆንያ አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ደጄ ላይ ቆመች።

«አካም ተፌ! ይህን ሁሉ አመድ የምታከማቸው ልትድረው ነው?» አለችኝ።

ምን ማለት ነበረብኝ? «ይህ አመድ ለማሳ አይሆንም።» አራት ቃል ነው። ጋሽ ወልዴ ትዝ አሉኝ፤ የፍየሉም ሕግ ትዝ አለኝ። ግን ጫልቱ ደጄን ስትረግጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችን ሴት እንዴት «አይሆንም» ብዬ ልመልሳት? «ኧረ ሁሉንም ውሰጂው!» አልኩ። አካፋውን እኔ አነሳሁ። ጆንያውን እኔ ሞላሁ። ተሸክሜ ማሳው ድረስ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ሞላሁ። አንዲት ሴት እንድትስቅልኝ ብዬ ለሰባት ቤት እርሳስ አበላሁ።

ጎመኑ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም አማረበት። ቢጠወልግ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር እላለሁ፣ ደግሞ አይመስለኝም። መጀመሪያ የጠፋው ትሉ ነው። ሴቶቹ መሬቱን ሲቆፍሩ የምድር ትል እንደ ድሮው አይወጣም። ጉንዳኑ ዳር ዳሩን ዞሮ ያልፋል። ከዚያ የጫልቱ አክስት ዶሮዎች እዚያ ሲጭሩ ሰንብተው ሁለቱ ክንፋቸውን ጥለው ሞቱ። «ፈንግል ነው» ተባለ። እኔም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «ፈንግል ነው!» አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ለእኔ ነበር።

መስከረም ላይ የየቀበሌው ማሳ ሲወዳደር ከመልካሳ አንድ ወጣት የእርሻ ባለሙያ መጣ። ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉት። እርሱ ግን ያንን የመሰለ ጎመን ትቶ ተንበረከከና አፈሩን በጣቶቹ ፈረፈረ። እዚህም ቆፈረ፣ እዚያም ቆፈረ። አንድም ትል አላገኘም። ተነሥቶ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «እዚህ መሬት ላይ የተደፋ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ከአመድ በቀር ምንም» አለች ጫልቱ።

«የምን አመድ?»

«የቤት አመድ» አልኩ እኔ።

ማን ጠየቀኝ? ማንም። ዝም ብል እንኳ ኃጢአቴ ግማሽ በሆነ ነበር። አፌን ከፍቼ ዋሸሁ። ባለሙያው ጥቂት አፈር በላስቲክ ቋጥሮ ሄደ፤ ይመረመራል አለ። እኔ የዚያኑ ቀን፣ ውጤቱ እንዳይመጣ ለማርያም ጃንጥላ ተሳልኩ። ሰውየው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ ተባለ፤ ውጤቱም አልመጣም። ጃንጥላውን አስገባሁ፣ ባለ ዘርፍ፣ ቀይ። እስከ ዛሬ በየበዓሉ ካህናቱ ሲይዙት አያለሁ። ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ስለት ያስገባል? እኔ አስገብቻለሁ።

በዚያ ዘመን በማኅበር ማሳ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው የኢኮኖሚ አሻጥር ሠርቷል ተብሎ ሊታሰር ይችል ነበር። እስር ፈርቼ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ። ግን ውሸት ነው። እስር ቤቱ ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰበብ ስፈልግ ነው። የፈራሁት የጫልቱን ፊት ነው። ያ ሳቋ ከፊቷ ሲወርድ ማየት ፈራሁ።

ማሳው አንደኛ ወጣ። ሴቶቹ ጎመን በሥጋ ሠርተው ሰፈሩን ጋበዙ፤ እኔም በሁለት እጄ በላሁ። ከበሮ ተመታ፣ የጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ትተው ጨፈሩ። እንዲያ የተደሰትኩበት ቀን በዕድሜዬ ጥቂት ነው።

በማግስቱ እመቤትን አየኋት። እናቷ ስትቆፍር እርሷ መደቡ ዳር ቁጭ ብላ አፈር እየቆነጠረች ትበላለች። ከንፈሯ ግራጫ ሆኗል። መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። አንሥቼ አፏን በመዳፌ ጠረግኩ፤ መዳፌም ያው እርሳስ የነካ ነው። ልጅቷ ጮኸች፣ ጫልቱ ሳቀች።

«ተወው ተፌ፣ አፈር ሳይበላ ያደገ ልጅ አለ?»

አሁንም አልተናገርኩም። በነጋታው ግን ወተት ይዤ መጣሁ።

ሌላ ምን አውቃለሁ? የማውቀው መድኃኒት ያ ነው። ከከተማው ዳር ወተት የሚያመጡ አደ ደሚቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከእርሳቸው በየጠዋቱ አንድ ጠርሙስ እገዛለሁ፣ አፉን በበቆሎ ቆረቆንዳ እወትፋለሁ፣ የጫልቱን በር አንኳኳለሁ፤ «ለልጅቷ» ብዬ እሮጣለሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ወር። እመቤት ጉንጯ ሞላ። ሰፈሩም ወሬ አገኘ። «ሌላው በሽማግሌ ይለምናል፣ ተፌ በወተት!» ይሉኝ ጀመር። ጋሪ ነጂዎቹ ሲያዩኝ እንደ ጥጃ ይጮኹብኛል። እኔ እርሳስ እያፈረስኩ ነው፤ ሰፈሩ ፍቅር እየገነባሁ መስሎታል። እርግጥ ፍቅሩም ነበር። ግን ያ ጠርሙስ የፍቅር አልነበረም፤ የፍርሃት ነበር። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ወተት የሰውን ሆድ ካጸዳ መሬቱንስ ለምን አያጸዳም? ይህን ያሰብኩት በሙሉ አእምሮዬ ነው፤ ሳቁብኝ፣ ይፈቀድላችኋል። ረቡዕ ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ለፖለቲካ ውይይት ቀበሌ ይገባል፤ ማሳው ባዶ ይሆናል። ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁና ሁለት ጠርሙስ ወተት ይዤ መደብ ለመደብ እየተንጎራደድኩ አንጠባጠብኩ። ቀና ስል አደ ደሚቱ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው መንገዱ ላይ ቆመዋል።

«ሰፉ!» ብለው ጮኹ። ነውር ነው፣ ፈጣሪም ይታዘባል ማለታቸው ነው። «ያ ዋቅ! ወተት መሬት ላይ ይደፋል? የላሜን ወተት!»

«እመ... አደ ደሚቱ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ስለት ነው» አልኩ።

«የምን ስለት?»

«ለ... ለሴትየዋ። እሺ እንድትለኝ።»

አየት አደረጉኝ። ቁጣቸው ቀስ እያለ ወደ ሳቅ ዞረ። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ልጅ ይስጥህ፣ ቤት ይስጥህ፣ ወተት አያሳጣህ እያሉ። በነጋታው ሰፈሩ በሙሉ ተፌ ለጫልቱ ብሎ መሬት ወተት እንዳጠጣ ሰማ። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ደግፌ አቆምኩት፤ ሌላውን ውሸት ደግሞ ሰው ሁሉ ወደደው።

ሁዳዴ ገባ። እመቤት ሕፃን ናት፣ አትጾምም፤ የእርሷ ጠርሙስ ሐሜት አያመጣም። ሁለተኛው ጠርሙስ ግን የመሬቱ ነበር። ተፌ በጾም ሁለት ጠርሙስ ወተት ይገዛል የሚለው ወሬ የነፍስ አባቴ አባ ተክሌ ጆሮ ደረሰ። አስጠሩኝ።

«በሁዳዴ ወተት ትጠጣለህ አሉኝ። እውነት ነው?»

እዚያ ላይ ነበር ሁሉን መናገር የነበረብኝ። በሩ ተከፍቶልኛል፣ መስቀሉ ፊቴ ነው፣ ሰውየው ደግ ናቸው። እኔ ምን አልኩ? «እውነት ነው አባቴ፣ ጠጣሁ» አልኩ። ያልሠራሁትን ኃጢአት ተናዘዝኩ፣ የሠራሁትን እንዳልናገር። መቶ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ወገቤ ተቆርጦ ስወጣ ደግሞ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ቅልል አለኝ! ዕዳዬን የከፈልኩ መሰለኝ። ራስን እንዲህ ማሞኘት ይቻላል?

ፋሲካ አልፎ አንድ ጠዋት ጠርሙሱን አስይዤ ልሮጥ ስል ጫልቱ እጄን ያዘችኝ።

«ቁም። አንተ ሰው፣ ሆድህ ውስጥ ያለውን ለምን አታወጣውም?»

አመዱን አወቀች መሰለኝ። «ጫልቱ፣ በድዬሻለሁ...» አልኩ።

«በድለኸኛል! ስድስት ወር ሙሉ ደጄ እየመጣህ አንድ ቃል ትንፍሽ ሳትል። ከዚህ በላይ ምን በደል አለ? አግቢኝ በለኝና ይለይልን!»

አግቢኝ አልኳት። ሌላውም ቃል ምላሴ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። ደራ ዘመዶቿ ዘንድ ሽማግሌ ላክሁ፤ ሠርጋችንን ስንደግስ አደ ደሚቱ አንድ ገንቦ እርጎ ይዘው መጥተው ወተት የደፋው ሙሽራ እያሉ ዘፈኑብኝ። ያን ቀን ስቄ ስቄ እንባዬ ወረደ። እንባው የምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ደግሞ የምነግራችሁ ከሁሉ የከፋውን ነው። እስከዚህ እየሳቃችሁ ከሆነ ለዚህ ብላችሁ ተዉት። ከተጋባን በኋላ ጫልቱን ከማሳው አስወጣሁ፤ የራሳችን ጓሮ ይበቃናል አልኳት። ጎመን ጠላሁ፣ ሽታው ያመኛል ብዬም ቤታችን እንዳይገባ ከለከልኩ። ከሌላ ቦታ የመጣው ጎመንም ቢሆን፣ አንዱን ፈቅጄ አንዱን ብከለክል ለምን ትለኛለች ብዬ ነው። አርባ ዓመት ጎመን የማይወድ ሰው ሆኜ ኖርኩ፤ ጎመን እንዴት እንደምወድ እግዚአብሔር ያውቃል! የእኔን ሁለት ሰው አወጣሁ። የቀሩትን እዚያው ተውኳቸው። ሁለት ክረምት ተጨማሪ በሉ። እኔ በየቤታቸው ክርስትና ሄድኩ፣ በየልቅሷቸው ድንኳን ተከልኩ፣ ልጆቻቸውን በስማቸው እየጠራሁ ሳምኩ፣ ጎመኑ ሲቀርብ ደግሞ «እኔ አልበላም፣ እናንተ ብሉ» አልኩ። ይህን አፌ እንዴት ቻለው?

እመቤት አደገች። አባ ትለኛለች፤ ከእኔ ሌላ አባት አታውቅም። በሳቅ እናቷን ታስከነዳለች፤ ሰፈሩ ውስጥ ልደትም ሠርግም ያለ እርሷ አይደምቅም። ትምህርት ግን አልሆነላትም። ፊደል ዛሬ ስትቆጥር ነገ ይጠፋታል። አራተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተማረችው። ስኳር ተልካ ጨው ይዛ ትመጣለች፤ ስትስቅ ሁላችንም እንስቃለን። እኔም እስቃለሁ፣ ወዲያው ያ ግራጫ ከንፈሯ ይታየኛል። ከእኔ ነው? ተፈጥሮዋ ነው? አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ለመጠየቅም አርባ ዓመት ፈራሁ።

ባለፈው ወር ለሴቶቹ ሥልጠና የምትሰጥ አንዲት ባለሙያ መጣች። ጋራዥና ባትሪ ቤት የነበረበት ሰፈር አፈር ውስጥ እርሳስ እንደሚቀር፣ ስንት ዘመን ቢቆይ እንደማይበሰብስ፣ አትክልቱ እንደሚጠጣው፣ አፈር ውስጥ የሚኖሩትን ነፍሳት እንደሚፈጅ፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ እንደሆነ ተናገረች። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ እመቤትን ላደርስ መጥቼ። ወተትስ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችና፣ «ወተት ጥሩ ምግብ ነው አባቴ፣ የእርሳስ መድኃኒት ግን አይደለም» አለችኝ። ከዚያም፣ «የዚህን መሬት ታሪክ የሚያውቅ አለ?» ብላ ወደ ሁላችን አየች። ዝም አልኩ። በዚህ ዕድሜዬም ዝም አልኩ! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ሳልናገር ነው። አሁን ብዕሬን እንደገና ሳነሣ ሁለት ቀን አልፏል።

መጀመሪያ ለጫልቱ ነገርኳት። ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ ከአመዱ ጀምሬ እስከ ባለሙያዋ ድረስ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ጠርሙሱንም፣ ስለቱንም፣ ስግደቱንም። መሀል ላይ አንዴ እንኳ አላቋረጠችኝም፤ ጫልቱን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ጎመን ትወዳለህ ማለት ነው?» አለች ስጨርስ።

«እወዳለሁ።»

«አርባ ዓመት!» ብላ ሳህኑን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «አርባ ዓመት በየጾሙ ምን ልሥራለት እያልኩ!» ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «እመቤትስ?» አለችኝ።

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ኮቴን ተኩሳ ይዛለች። «ለእኔ የነገርከኝን ሄደህ ለእነርሱ ንገር። የእኔና የአንተ በኋላ ነው» አለችኝ። እስከ አሁን ያ በኋላ አልመጣም። አብረን እንበላለን፣ ቲቪ እናያለን፤ አልፎ አልፎ ዞራ ታየኛለች። እጠብቃለሁ።

ሴቶቹ መሬቱ ላይ ተሰብስበው መደብ ይለኩ ነበር። በፀሐይ፣ ኮቴን እንደለበስኩ ቆሜ ተናገርኩ። አንዷ ገመዱን ጥላ ተቀመጠች። ሌላዋ ከእነዚያ ከሰባቱ ቤቶች የአንዱ ልጅ ናት፤ «እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ሆዷን ይቆርጣት ነበር» ብላ፣ ሌላ ምንም ሳትል፣ ትታን ሄደች። ልከተላት አልደፈርኩም። የቀሩት አፈሩ ተመርምሮ ውጤቱ ሳይመጣ አንድ ፍሬ እንዳይዘራ ተስማሙ። ዘሩ ወደ ከረጢቱ ተመለሰ።

እመቤት ቆማ ነበር። ያልገባት መስሎኝ ልደግምላት ስል ሳቀች፤ ያን ሰፈሩን የሚያደምቀውን ሳቋን። መጥታ ትከሻዬን አቀፈችና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «አባ ደግሞ፣ በማይረባ ነገር ራስህን አታስጨንቅ! እኔ እኮ ድሮም ሰነፍ ነኝ። አንተ ምን አደረግህ?» አለችኝ።

በሰው ፊት እንዳልዋረድ ልታድነኝ ነው። የምታድነኝ ደግሞ ራሷን አሳልፋ ሰጥታ ነው። ሰነፍ የሚለውን ቃል ከአስተማሪዎቿ ወስዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ተሸክማዋለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ስትሸከም አይቻለሁ።

ይቅርታችሁን እፈልጋለሁ፤ ሳላገኘው መሞት አልወድም። ብትከለክሉኝም እውነት አላችሁ። ሰበብ ግን አትስጡኝ። ዘመኑ ነው አትበሉኝ፣ ፍቅር ነው አትበሉኝ። ከሁሉም በላይ ልጄ የሰጠችኝን ሰበብ አልቀበልም። እርሳሱ ምን ያህል እንደጎዳት አላውቅም። የማውቀውን ግን እዚያው በሴቶቹ ፊት፣ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ነግሬያታለሁ፤ እዚህም እጽፈዋለሁ። እመቤት ሰነፍ አልነበረችም።